ለካ

ከካሜራው ጎን፣ ከመዘውሩ በላይ፣
ዐይኑ «ዐ»ን የመሰለች ምልክት አለች፤
ስንቱ አልፏት ሄዷል፣ ልብ ብሎ ሳያይ፣
ወገቧን በቀጭን መስመር የተሰነጠቀች።

«ልኬት ከዚህ ይጀምራል» አለኝ ጋሽ አጎናፍር፣
«ከመስታወቱ አይደለም፤ መስታወት ደጃፍ ነው፤
እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆሞ አይቀር፣
ምስል የሚያርፈው ፊልሙ ካለበት ነው።
አራት ጣት ብትስት አራት ጣት ነው ጉድህ፣
አፍንጫዋ ጠርቶ ዐይኗ ይጠፋብሃል፤
ብርሃን ሲያንስ ደግሞ ስንዝር አይሞላም ሜዳህ፣
ከሜዳው የወጣን ጉም ይውጠዋል።»

ኅዳር ነው፣ ሞላሌ። ውርጩ ገና አልለቀቀም፤
ጉሙ ከገደሉ ሥር ሽቅብ ይጎተታል።
ፊልሙ ስለ ባና ነው፤ የጠጉር ነገር አያልቅም፣
ከበግ ጀርባ ተነሥቶ ሰው ጀርባ ላይ ይተኛል።
እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ከደብረ ብርሃን፣
የሜትር ጫፍ ያዥ ተብዬ ነው የመጣሁ፤
በአባቴ ሜትር ስንት ወገብ፣
ስንት ትከሻ ለክቼ እንደሁ
እሱ ነው የሚያውቀው።

ወይዘሮ ይመኙሻል ከካብ ቤቷ ደጃፍ
ግማሽ ፊቷ ብርሃን፣ ግማሹ ጨለማ፤
ሜትሬን ዘርግቼ ወደ ዐይኗ ስጠጋ
እጄን በእንዝርቷ መታች።
«አንተ ልጅ፣
ሰው ቁጭ ብሎ፣ እያየ፣ ይለካል?
ባሌን አምና ለካችሁልኝ፣ በዘንግ፤
ቁመቱን ወስዳችሁ ጉድጓድ መለሳችሁ።
እኔን ደግሞ ሞተች ብሎ ማን ነገረህ?»

ጋሽ አጎናፍር አልሳቀም። ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።
እሷም ዝም አለች። ቆየችና
ማታ ስትፈትለው ካደረችው ጥቁር ክር
ተርትራ ሰጠችኝ፤
«በዚህ ከሆነ ይሁን፤ የራሴ ነው።»

አንዱን ጫፍ «ዐ»ዋ ላይ፣ አንዱን ከቅንድቧ ሥር፣
እንደ ክራር ጅማት ወጥሬ ቋጠርኩት፤
ሮጬ ከሜትሩ ጎን ሣር ላይ አስተኛሁት፤
«ሁለት ሜትር ከዐሥር!» ብዬ ተጣራሁ።
«ልክ ነው?»
«ልክ ነው።»
ቀለበቱ ዞረ። ሞላው ተጠመዘዘ፤
ካሜራው እንደ ጠገበ ድመት አንኮራፋ፣
ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ጸጥ።

ፊልሙ ባሕር ማዶ ሊታጠብ ሄዶ በሰኔ መጣ።
ግድግዳ ላይ አንሶላ ሰቅለን አየነው።
ፊቷ የለም።
ጉም አለ፤ ጉሙ ውስጥ ዐይን ሊሆን የፈለገ ሁለት ጥላ።
ከፊቷ አንድ ስንዝር ቀደም ብሎ ግን
እጇ፣
የአውራ ጣቷ ስንጥቅ፣ የቀለበቷ ጎባጣ፣
ክሩ ላይ ተጣብቃ የቀረች አንዲት የገብስ ጭድ፣
ቁልጭ። ብነካት የምትወጋኝ እስክትመስል ቁልጭ።

እኔ አንገቴን ደፋሁ።
«ጠጉር ነው» አለ ጋሽ አጎናፍር፣ ሳይቆጣ፣
«ሲወጥሩት ይረዝማል፣ ሲያስተኙት ይሸበሸባል፤
የለካኸው የተኛውን ነው፤ ሴትዮዋ ግን ተቀምጣለች።»

ለካ!
ለካሁ ስል፣ ለካ አልለካሁም።

ጊዜው ሄደ። ጋሽ አጎናፍርም ተለካ፣ በዘንግ።
ካሜራው ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ ነው፤ ሞላው ተሰብሯል፤
የልጅ ልጄ በቀይ ጨረር የሚለካ ዕቃ አምጥቶ
ከ«ዐ»ዋ እስከ ባዶው ወንበር ያለውን ነገረኝ፣
እስከ ሚሊ ሜትሩ። ልክ ነው። አመሰገንኩት።

ክሩ ግን አለ፣ ከነቋጠሮው፣
በካሜራው እጀታ ላይ ሦስት ዙር ተጠምጥሞ።
አሁን ብወጥረው ቋጠሮው የት ይደርስ ይሆን፣
ከፊት? ከእጅ? ወይስ ደርቆ ይበጠስ?
እኔንጃ።
አልወጠርኩትም።